ደብተር ከመግዛታችሁ በፊት፦ የገበሬና የእርሻ ሠራተኛ ልጆችን በትምህርት ለመደገፍ የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

ነሐሴ ሲገባ ስልኬ እረፍት አያገኝም። ጠያቂው ይለያያል፤ አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዷ ከዱባይ፣ ሌላው ከዋሽንግተን ይደውላል። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ «ለተወለድንበት ቀበሌ ልጆች ትንሽ ገንዘብ አጠራቅመናል፤ ስንት ደብተር እንግዛ? ለማንስ እንስጥ?» መልሱን ደጋግሜ ከመናገር አንድ ጊዜ ጽፌ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጀሁ።

በመጀመሪያ፣ ይህን የምታነቡት በነሐሴ ከሆነ ለዘንድሮ ዘግይታችኋል። የምትችሉትን ትንሽ ነገር አድርጉና ለሚመጣው ዓመት በሚያዝያ ጀምሩ። ሁለተኛ፣ ግዢ የሥራው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። የገበሬ ልጅ ከትምህርት የሚቀረው ደብተር ስላጣ ብቻ አይደለም። አጨዳ ደርሶበት፣ ከብት የሚጠብቅ ጠፍቶ፣ ጎተራው ተራቁቶ፣ ወይም 9ኛ ክፍል ያለው ሩቅ ከተማ ሆኖበት ይቀራል። ድጋፋችሁ የእርሻውን ወራት ተከትሎ ካልተዘጋጀ መስከረም ላይ የሰጣችሁት ደብተር ኅዳር ላይ ባለቤት አልባ ይሆናል።

መመሪያው አንድ ትምህርት ቤትና ከ30 እስከ 60 ልጆች ይዞ ለሚነሳ የዘመድ፣ የአብሮ አደግ ወይም የሥራ ባልደረባ ቡድን የሚሆን ነው። ወራቱን የጻፍኩት የደጋና የወይና ደጋ ገበሬን አስቤ ነው። በሰፋፊ እርሻዎች ላይ በቀን ሥራ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የሚደረገው ድጋፍ ስለሚለይ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለቡድኑ፦
• ቢያንስ ሦስት ሰዎች፦ ገንዘብ ያዥ፣ ገዢ እና ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚገናኝ። ገንዘብ ያዡና ገዢው አንድ ሰው መሆን የለባቸውም።
• በጥምር ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ
• ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ
• የጣት አሻራ ቀለም፣ መፈረም ለማይችሉ ወላጆች
• ለሁለት ወይም ለሦስት ጉዞ የሚሆን ጊዜና የትራንስፖርት ገንዘብ። ይህንን ከልጆቹ ገንዘብ አትቀንሱ፤ ከኪሳችሁ አዋጡት።

ለአንድ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላለ ልጅ፦
• ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ በትምህርቶቹ ቁጥር ልክና ሁለት መጠባበቂያ
• ለታናናሾቹ እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ፤ ለታላላቆቹ ሰማያዊ እስክሪብቶ
• ማስመሪያ
• ውኃ የማያስገባ ቦርሳ
• የደንብ ልብስ (ትምህርት ቤቱ የሚያስለብስ ከሆነ)

ከ7ኛ ክፍል በላይ ኮምፓስና በፀሐይ ኃይል የሚሞላ መብራት ይጨመራል፤ ለሴት ልጆች ደግሞ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያና የውስጥ ልብስ። የመጨረሻውን ወንዶቹ የቡድን አባላት ሁልጊዜ ይረሱታል። በየወሩ አራት አምስት ቀን የምትቀር ልጅ በዓመት ከአንድ ወር በላይ ትምህርት ያመልጣታልና አትርሱት።

ደረጃ 1፦ አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ምረጡ

በወረዳው ያለውን ሁሉ ለመድረስ የተነሳ ቡድን ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ሰጥቶ ይበተናል። ሁለት ደብተር ደግሞ ማንንም ክፍል ውስጥ አያቆይም። አንድ ትምህርት ቤት ያዙ፤ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ያዙት። ዛሬ 6ኛ ክፍል ያገኛችኋት ልጅ 9ኛ የምትደርሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ብዙዎቹ የሚቀሩት እዚያ መሻገሪያ ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ በሚያዝያ ሂዱና የስም መጥሪያውን ተመልከቱ

ከርዕሰ መምህሩ ጋር ሻይ ጠጥቶ መመለስ ጥናት አይባልም። የየክፍሉን የስም መጥሪያ እንዲያሳዩዋችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ የቀሪ ምልክት በየትኛው ወር እንደሚበዛ ቁጠሩ። ይህ አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ቀሪውን ዓመት ይመራችኋል።

ለጉብኝት የምትመርጡት ቀን ራሱ ሊያታልላችሁ ይችላል። የገበያ ቀን ከሆነ ክፍሉ ባዶ ይሆንና «እዚህ ቦታ ማን ይማራል?» ትላላችሁ። ሚካኤል ወይም ማርያም ከሆነ ደግሞ በሬ ስለማይጠመድ ክፍሉ ይሞላል፤ በማግስቱ ግማሹ ሜዳ ላይ ነው። ቢያንስ ሁለት ተራ ቀን ቆዩ።

ሦስት ነገር ጠይቁ፦
ሀ. ባለፈው መስከረም ከተመዘገቡት ስንቶቹ ሰኔ ደረሱ?
ለ. ያልደረሱት እነማን ናቸው? የት ሄዱ?
ሐ. 8ኛ ክፍል ካለፉት ስንቶቹ 9ኛ ክፍል ገቡ?

ሁለተኛውን ጥያቄ በቁጥር አትቀበሉ፤ በስም ጠይቁ። «ዘጠኝ ልጆች አቋርጠዋል» ማለትና «የእነ እገሌ ልጅ ከብት ጥበቃ ተቀጥሮ ቆላ ወርዷል» ማለት የተለያየ ነገር ነው፤ መፍትሔ የሚገኘው ከሁለተኛው ነው። መምህራኑ ካላወቁ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታውቃለች። ቤት ለቤት የምትዞር እርሷ ናት።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ጉዞ ላይ ለማንም ቃል አትግቡ። «እናመጣለን» የሚለው ቃል በአንድ ቀን ቀበሌውን ያዳርሳል። አንዲት እናት ለደብተር ያስቀመጠችውን ብር ለዘይት ታውለዋለች፤ እናንተ ደግሞ ትዘገያላችሁ።

ደረጃ 3፦ የእርሻውን ዓመት ከትምህርቱ ዓመት ጋር አስተያዩ

አንድ ወረቀት ላይ አሥራ ሁለቱን ወራት ጻፉ። በአንድ በኩል ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀውን፣ በሌላው እርሻው የሚጠይቀውን አስፍሩ። በብዙ ቦታ የሚወጣው ሥዕል ይህን ይመስላል።

ከሐምሌ እስከ መስከረም የአረም ወቅት ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል ያለቀበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት። ምዝገባ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ የሚጠየቀውም በዚሁ ባዶ ጊዜ ነው። የገበሬ ቤት ገንዘብ የሚያየው ከጥር ወዲህ ነው፤ ትምህርት ቤት ግን ጥርን አይጠብቅም። የቁሳቁስ ድጋፍ ከምዝገባ በፊት መድረስ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። የቀሪ ምልክት የሚበዛበት ጊዜ ይሄ ነው። ልጁ ለሁለት ሳምንት ይቀራል፤ ሲመለስ ሒሳቡ አልፎታል፤ አፍሮ መምጣቱን ይተዋል። እዚህ ላይ ደብተር ምንም አይፈይድም። የሚረዳው የታኅሣሥ ማካካሻ ክፍል ነው፦ ሁለት መምህራን ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ለአራት ሳምንት የቀሩትን የሚያስጠኑበት። ለመምህራኑ አበል በጀት ያዙ። ከሁሉም ወጪ ይህኛው የበለጠ ፍሬ ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ለለጋሽ ፎቶ ስለማይሆን ግን ማንም አይጠይቀውም።

ጥር የሠርግ ወር ነው። የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 ዓመት ቢሆንም ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጃገረዶች ከስም መጥሪያው የሚጠፉት ብዙ ጊዜ ከዚህ ወር በኋላ ነው። ከገና በፊት ሴት መምህራንን አነጋግሩ፤ ስጋት ያለባትን ልጅ እነርሱ ቀድመው ይሰማሉ። እናንተ ከሩቅ መጥታችሁ ከወላጅ ጋር አትጋፈጡ። ጉዳዩን የሚይዙት ትምህርት ቤቱ፣ የሴቶችና የሕጻናት ጉዳይ የሚመለከተው የወረዳ ጽሕፈት ቤትና ሽማግሌዎች ናቸው።

መስኖ ባለበት ቦታ ከየካቲት እስከ ሚያዝያም ሥራ አለ። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚለቀመው በልጅ እጅ ስለሆነ ይህንንም ጠይቃችሁ መዝግቡ።

ደረጃ 4፦ ልጆቹን በደረጃ ሳይሆን በስጋት ምረጡ

በመጀመሪያው ዓመታችን ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ሸለምን። ደስ የሚል ቀን ነበር። ኋላ ስናጣራ ከተሸለሙት አብዛኞቹ እኛ ባንኖርም የሚማሩ ልጆች ሆነው ተገኙ፤ ወላጆቻቸው ጥንድ በሬና በቂ መሬት ነበራቸው። ጎበዝ ተማሪን መሸለም ነውር የለውም፤ ግን ሌላ ሥራ ነው፣ ከዚህኛው ጋር አታምታቱት።

አምስት ሰዎች ያሉበት መራጭ ኮሚቴ ይቋቋም፦ ርዕሰ መምህሩ፣ አንድ የክፍል ኃላፊ መምህር፣ ከወላጅ መምህር ኅብረት ሁለት ሰዎች (አንዷ ሴት ትሁን) እና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ። ከቡድናችሁ አንድ ሰው ይታዘብ፤ ድምፅ ግን አይስጥ። የዘመዱን ልጅ ስም የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ከከተማ የመጣው ሰው ነውና።

ቅድሚያ የሚሰጣቸው፦
• ወላጆቻቸው መሬት የሌላቸው ወይም የሰው መሬት በእኩል (ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር እየተካፈሉ) የሚያርሱ
• በእናት ብቻ የሚተዳደር ቤት ልጆች
• ከአያት ጋር የቀሩ፣ ወላጆቻቸው ለቀን ሥራ ቆላ የወረዱ ወይም ዐረብ አገር የሄዱ
• በእረኝነት የተቀጠሩና ግማሽ ቀን የሚማሩ
• ባለፈው ዓመት አቋርጠው የተመለሱ
• የአካል ጉዳት ያለባቸው

ዝርዝሩ ሲያልቅ ስሞቹ ብቻ፣ ምክንያቱ ሳይጻፍ፣ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለሦስት ቀን ይለጠፍ። ቅሬታ ያለው ለኮሚቴው ይናገር። ይህን ስትዘሉ ሐሜቱ ከድጋፉ ይበልጣል፤ ስትሠሩት ደግሞ የተረሳ ልጅ ሁልጊዜ ይገኛል። ለዚህ ብላችሁ ከበጀቱ ለአራት ወይም ለአምስት ልጅ የሚሆን አስቀሩ።

ደረጃ 5፦ የ9ኛ ክፍሉን ሒሳብ ለብቻው ሥሩ

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚገኘው በወረዳ ከተማ ነው። የገጠሩ ልጅ ሦስት አራት ሆኖ አንዲት ክፍል ይከራያል፤ አርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ሰዓታት በእግሩ ተጉዞ ቤቱ ይገባል፤ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ስንቁ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በሶና ሽሮ ነው። ሐሙስ ላይ ሻግቶ ወይም አልቆ ይገኛል። ከ8ኛ ወደ 9ኛ የሚጠፉትን ልጆች የሚያጠፋቸው ፈተናው ብቻ አይደለም፤ ይህች ክፍል ናት።

እንዲህ አድርጉ፦
1. በሰኔ የ8ኛ ክፍል ፈተና የወሰዱትን ልጆች ወላጆች ሰብስባችሁ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር አስወስኑ። ዘመዳሞች ወይም የአንድ ጎጥ ልጆች ሲሆኑ ስንቅ ይቀባበላሉ።
2. ቤቱን በነሐሴ ተከራዩ። መስከረም ላይ ኪራይ ይወደዳል፤ የሚቀረውም ከትምህርት ቤቱ የራቀው ነው።
3. ኪራዩን ለአንድ መንፈቀ ዓመት በአንድ ጊዜ ለአከራዩ ክፈሉ። ወላጅ የፈረመበት የስምምነት ወረቀት ይኑር። በየወሩ የምትልኩት ከሆነ አንድ ወር የዘገያችሁ ዕለት ልጆቹ ውጭ ያድራሉ።
4. ስንቁን ለወላጅ ተዉት። ሁሉንም ከሸፈናችሁ ልጁ የእናንተ ይሆናል፤ ወላጅ እጁን ያወጣል። ማገዝ ካስፈለገ እህል በሚረክስበት በጥር አንድ ኩንታል ገዝታችሁ አስቀምጡ፤ ሰኔ ላይ ያው ኩንታል ሌላ ዋጋ አለው።
5. ለሴት ልጆች ቤቱ የውስጥ መቀርቀሪያ ያለው፣ መጸዳጃው በግቢው ውስጥ የሆነ፣ ብትችሉ አንዲት ባልቴት የሚኖሩበት ይሁን። ኪራዩ ቢጨምርም ጨምሩ።

የግጦሽ መሬት ያለው ቤተሰብ ከሆነ ሌላ መንገድም አለ፦ ልጁ 6ኛ ክፍል ሳለ አንዲት እንስት በግ በስሙ ትገዙለታላችሁ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የምትወልዳቸው ጠቦቶች ተሽጠው ለ9ኛ ክፍል ኪራይ ይውላሉ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በሽታና ቀበሮ ስላለ በዚህ ብቻ አትመኩ።

ደረጃ 6፦ ገንዘቡን በሚታይ ቦታ አስቀምጡ

በግል ሂሳብ የሚሰበሰብ ገንዘብ፣ ሰብሳቢው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ በሁለተኛው ዓመት ጓደኝነት ያፈርሳል። ጥምር ፊርማ ያለው ሂሳብ ክፈቱ። በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪውን በአንድ ገጽ ለአዋጪው ሁሉ ላኩ።

በሕግ በኩል፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንደ እድርና እቁብ ያሉ ባህላዊ ማኅበራትን አይመለከትም። ስለዚህ ያላችሁን እድር ወይም የአብሮ አደግ ማኅበር ተጠቅሞ ለአንድ ትምህርት ቤት እቃ ማስረከብ የተለመደ መንገድ ነው። ከማታውቁት ሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ሠራተኛ መቅጠር ወይም በብዙ ወረዳ መሥራት ካሰባችሁ ግን መመዝገብ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ጠይቁ። በዚያ አዋጅ የተመዘገበ በጎ አድራጊ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሁለቱን መንገድ አታደባልቁ፤ ከመጀመራችሁ በፊት ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አሳውቁ። ደብዳቤው መኪናችሁ ኬላ ላይ ሲቆምም ይረዳችኋል።

ውጭ አገር ያላችሁ፦ በሻንጣ ያገለገለ ጫማና ልብስ ከምትልኩ ገንዘብ በባንክ ላኩ። ለሻንጣው ትርፍ ኪሎ የምትከፍሉት ብቻ እዚህ ለብዙ ደርዘን ደብተር ይበቃል፤ ግዢው ወረዳው ላይ ሲሆን ደግሞ የከተማዋ ልብስ ሰፊ ሥራ ታገኛለች።

ደረጃ 7፦ ግዢና ጭነት

ደብተር በሐምሌ ግዙ። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ወረፋውም ዋጋውም ይጨምራል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 40 ልጆች በ10 ደብተር 400 ይሆናል፤ በደርዘን 33 እና 4 ትርፍ ስለሆነ 34 ደርዘን ትገዛላችሁ። እስክሪብቶ ለ40 ልጅ በስድስት 240 ነው፤ ባለ 50 ፓኮ አምስት ይበቃል። ከሦስት መደብር የዋጋ ማቅረቢያ ውሰዱና በደረሰኝ ግዙ። ደብተሩን ገልጣችሁ በእስክሪብቶ ሞክሩት፤ ቀለሙ ወደ ጀርባ የሚያልፍ ወረቀት ግማሽ ደብተር ማለት ነው።

የደንብ ልብስ ከአዲስ አበባ አትግዙ። እኛ ገዝተን ቀለሙም ልኩም አልሆነም፤ ትንንሾቹ ልጆች እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጥፈው ለብሰውት አየን። ጨርቁን ከወረዳው ከተማ ገዝታችሁ እዚያው አሰፉ። ከሥሩ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋ፤ በሚመጣው ዓመት ይለቀቃል። ጫማ የግድ ከሆነ ለጭቃ የሚሆነው ኮንጎ ጫማ ነው፤ ሸራ ጫማ በክረምት አንድ ወር አይዘልቅም።

ጭነት በክረምት ነው የሚሄደው። እያንዳንዱን የልጅ ድርሻ በላስቲክ፣ ከዚያም አሥሩን በአንድ ማዳበሪያ አድርጉ። የመጨረሻው መንገድ በአህያ ከሆነ ማዳበሪያው ሁለቱ ጎን እንዲመዛዘን አድርጋችሁ እሰሩ። ዝናብ የነካው ደብተር ቢደርቅም ገጾቹ ይጣበቃሉ።

ደረጃ 8፦ ማስረከብ

1. እቃው መጀመሪያ ወደ ትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ይግባ፤ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ይቆረጥላችሁ። ያለ ሞዴል 19 የገባ እቃ በመንግሥት መዝገብ ላይ የለም፤ ርዕሰ መምህሩ ቢቀየር የሚጠይቅም የሚጠየቅም አይኖርም።
2. ለልጆቹ ሲወጣ ወላጅ ወይም አሳዳጊ በመዝገባችሁ ላይ ይፈርም፤ መጻፍ ለማይችል የጣት አሻራ። ለወላጅ መሰጠቱ ጥቅም አለው፦ አባት በፈረመበት ደብተር ልጁን ከትምህርት ሲያስቀር ሁለት ጊዜ ያስባል።
3. መብራትና ኮምፓስ ከትምህርት ቤቱ በውሰት ይሰጥ፤ በሰኔ ይመለስ።
4. ልጆችን ደብተር አስይዛችሁ አሰልፋችሁ ፎቶ አታንሱ። ለአዋጪዎች የተከመረውን እቃና የሞዴል 19ን ቅጂ ላኩ። በድሃነቱ የተሰለፈ ልጅ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚባል ጠይቁ።

ደረጃ 9፦ በኅዳር ተመለሱ

መመለስ የማትችሉ ከሆነ ለአንድ መምህር የስልክ ካርድ እየሞላችሁ የተመረጡትን ልጆች የቀሪ ቀን በየወሩ መጨረሻ እንዲያነብላችሁ አድርጉ። አምስት ቀን በተከታታይ የቀረ ልጅ ቤቱ ይጠየቅ። የቀረው ታሞ፣ ለአጨዳ ወይም ተቀጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም የተለያየ መልስ አላቸው። የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ደብተር የሚሰጠው በየካቲት እንጂ በመስከረም አንድ ላይ አይደለም። በመስከረም የተሰጠ አሥር ደብተር ለታላቅ ወንድምም፣ ለጎረቤትም፣ ለሱቅ ዱቤም ይከፋፈላል።

የእርሻ ሠራተኛ ቤተሰቦች ልጆች

በሁመራና በመተማ ሰሊጥ፣ በደቡብ ምዕራብ ቡና፣ በአዋሽ ሸለቆ ሸንኮራ አገዳ፣ በዝዋይና በሆለታ አበባ ላይ የሚሠሩ ቤተሰቦች ልጆች ችግራቸው ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰቡ ግን አይረጋም። ስለዚህ ከላይ ያለውን ሁሉ ያዙና እነዚህን ጨምሩ።

1. ወረቀቱን አስቀድሙ። ቤተሰቡ ከመንቀሳቀሱ በፊት መሸኛና የውጤት ካርድ ይውጣ፤ አንድ ቅጂ እናንተ ጋ ይቀመጥ። የብዙዎቹ ልጆች ትምህርት የሚቋረጠው ተቀባዩ ትምህርት ቤት መሸኛ ስለሚጠይቅና ያንን ለማምጣት ሁለት ቀን መንገድ ስለሚያስፈልግ ነው። የመሸኛ ወጪ ከአንድ ቦርሳ ያነሰ ነው።

2. መቅረት ይሻላል ወይስ መሄድ? ለሰሊጥ የሚወርዱ ወላጆች አረሙ በሐምሌና በነሐሴ፣ አጨዳው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ስለሆነ ልጁን ይዘው ከሄዱ የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ያጣል። ደጋ ላይ ከአያት ጋር የሚቀርበትን መንገድ አመቻቹ፤ ለአያቲቱ ቤት የሚሰጥ ትንሽ እህል ከደብተሩ በላይ ትምህርቱ ላይ ያቆየዋል።

3. ሕጻናት ማቆያ። በቡና ለቀማና በአበባ እርሻ ላይ የምትሠራ እናት ታናሽዬውን የምትተወው ለስምንት ወይም ለአሥር ዓመቷ ሴት ልጇ ነው። ልጅቷ ደብተር አላት፤ ግን ሕጻን አዝላ ትውላለች። በካምፑ አንዲት ክፍል፣ ሁለት ሞግዚት፣ ውኃና ጥላ ካገኛችሁ አንድ ማቆያ ብዙ ታላላቅ እህቶችን ወደ ክፍል ይመልሳል። ከእርሻው አስተዳደር ክፍሉን ጠይቁ፤ ሲጠየቁ የሚሰጡ አሉ።

4. ቋንቋ። በወላይትኛ ማንበብ የጀመረ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት ሲገባ 4ኛ ክፍል ሆኖ ቋንቋው አዲስ ይሆንበታል፤ «ሰነፍ» ይባላል። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ወጣት በክረምት ስድስት ሳምንት ያስጠና። ለእነዚህ ልጆች መጀመሪያ መደረግ ያለበት ይህ ነው።

5. ዕድሜ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው። ከእርሻ አሠሪ ጋር ስትነጋገሩ «ግማሽ ቀን ይሥራና ግማሽ ቀን ይማር» በሚል አትስማሙ። በእናንተ ፊርማ ሕገ ወጥ ሥራ ሕጋዊ ሊመስል ይችላል።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

• ለትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር መስጠት፣ መብራት እንዳለ ሳይጠይቁ። የተሸፈነ ሣጥን ሆኖ የሚቀመጥ ብዙ አለ።
• ርዕሰ መምህሩን ብቻ ማመን። ሰውየው ጥሩ ቢሆንም ይዛወራል፤ ኮሚቴው ግን እዚያው ይቀራል።
• የአጋዥ መጻሕፍት ጥቅል ሲያገኙ የቆየ ሥርዓተ ትምህርት መሆኑን አለማየት። የታተመበትን ዓመትና የክፍሉን ይዘት ከመምህሩ ጋር አመሳክሩ።
• ለአንድ ቤት ሁለት ልጅ ሲመረጥ ለሦስተኛው መርሳት። ሦስተኛዋ ብዙውን ጊዜ ሴት ናት፤ የሁለቱን ወንድሞቿን ሥራ ጠቅልላ የምትይዘው እርሷ ናት።
• ያቋረጠውን ልጅ ወዲያው ከዝርዝር መሰረዝ። እስከ ሚቀጥለው መስከረም ስሙን አቆዩ፤ ድርሻውን ግን ለተጠባባቂ ስጡ። ልጁ ከተመለሰ ከዚያች ካስቀራችኋት የአራት አምስት ልጅ ድርሻ አውጡለት።